ፊትሽን ወደ ጀልባው

ዒዝበት ኤል-ቦርግ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964

ለተከበሩ አጎቴ ሸውቂ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። የኩዌት አሸዋ ዓይንዎን፣ የኩዌት ሐሩር ልብዎን ሳይነካው ይህ ወረቀት በጤናዎ ይድረስዎ። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። አባቴ ሰላም ይልዎታል፤ "የአጎቴ ልጅ ከሄደ ወዲህ ደህና አድርጎ የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ በይው" ብሏል። የእናቴ ወንድም አጎቴ ሐጅ ዘከሪያም ሰላም ይላሉ። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡን ሁሉ እራት ላይ ሰብስበው ጮክ ብለው የሚያነቡልን አሁንም እሳቸው ናቸው። ጽሑፍዎ የጉንዳን መንገድ ስለሚመስል ጎላ ያድርጉት ብለዋል።

አጎቴ፣ ትልቅ ወሬ አለኝ። ከዱምያጥ እስከ ራስ ኤል-በር በአባይ ላይ የሚደረገው የዋና ውድድር ዘንድሮ ለሴቶችም ተከፍቷል። በሴፕቴምበር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ የገባች ካይሮ ለብሔራዊ ቡድኑ ልምምድ ትጠራለች። ሐጅ ዘከሪያ "የዓሣ አጥማጅ ልጅ ዓሣ ትሸጣለች እንጂ ዓሣ አትሆንም" እያሉ ከርመው በመጨረሻ ቃል ሰጡኝ፦ "አባቷ በጀልባ ከጎኗ እየቀዘፈ ከሆነ ትዋኝ። አባቷ ከሌለ አንዲት ክንድ አትሄድም።" አባቴ ይህን ሲሰማ ተነስቶ የትንሿን ጀልባ መቅዘፊያዎች ቀለም ቀባቸው።

አሁን የቸገረኝ ፍጥነት ነው። በነጻ ቀዘፋ እስከ ግማሽ መንገድ ማንም አይቀድመኝም። ከዚያ በኋላ ክንዴ ይዝልና ውሃው ሲንቀኝ ይታወቀኛል። እርስዎ በዘመንዎ ባሕር ያቋረጡ ሰው ነዎት፤ ምን ላድርግ? የዋና መነጽርና ቆብ ቢልኩልኝ ደግሞ ውለታዎን አልረሳም። እዚህ ያለው ቆብ ሲወልቅ ፀጉርም ይዞ ይወልቃል።

ልጅዎ ኢንሻራሕ መስዑድ

*

ኩዌት
ማርች 2 ቀን 1964

ለምወድሽ ኢንሻራሕ፣ ለወንድሜ ለመስዑድ፣ ይህን በመልካም ድምፃቸው ለሚያነቡት ለተከበሩት ሐጅ ዘከሪያ፣

የአላህ ሰላምና በረከት በቤታችሁም በመረባችሁም ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በአንድ ክበብ ገንዳ ዳር ቆሜ የሀብታም ልጆች ውሃ እንዳይጠጡ እጠብቃለሁ። የተገራ ውሃ ነው፤ ከገንዳ ጋር ተጣልቶ መታረቅ የለም። መስዑድን "ስድብህ እየተጠራቀመልህ ነው፣ ስመጣ በጆንያ አመጣልሃለሁ" በሉልኝ። ሐጅ፣ ጉንዳኖቼንም አወፍሬያቸዋለሁ።

ኢንሻራሕ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ፍጥነት ያማረው ሁሉ ክንዱን ያጣድፋል፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። ክንድሽ ይርዘም እንጂ አይጣደፍ። ከጭንቅላትሽ መሐል ወደ ፊት የተዘረጋ ገመድ አለ ብለሽ አስቢ። ቀኝ እጅሽ በቀኝ፣ ግራው በግራ ይቅር፤ እያንዳንዱ ከትከሻው ትይዩ ውሃ ውስጥ ይግባ። ገመዱን የተሻገረ እጅ መንገድም ያጠፋል፣ ትከሻም ይጎዳል። ሲገባ ጣቶችሽ ይቅደሙ። አውራ ጣቱን አስቀድሞ ውሃውን የሚወጋ ሰው ክንዱን ጠምዝዞ ነው የሚያስገባው፣ ያ ጥምዘዛ ደግሞ መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን ጅማት ይፈጨዋል። እጅሽ ከገባ በኋላ ክርንሽ ከመዳፍሽ በላይ ይሁን። ውሃውን ወደ ኋላ ግፊው። ወደ ታች የምትጫኚው ከሆነ ሊጥ እያቦካሽ ነው፣ እየዋኘሽ አይደለም።

ደግሞ ክንድ ብቻውን አይሠራም። ወገብሽ፣ ደረትሽ፣ ትከሻሽ አንድ ላይ ወደ ግራ፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ይዙሩ። ልምምድም ስትጨምሪ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። የቦርግ ሰው ሠርግም ዋናም አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ አውቃችኋለሁ።

ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም። ጡንቻ ሲዝል እንቅልፍ ይበቃዋል። ከትከሻሽ ፊት ለፊት ጠልቆ የሚወጋ ነገር ከመጣ ግን በዚያችው ደቂቃ ከውሃው ውጪ። የእኔን ትከሻ ታውቂዋለሽ። እጄ ከዚያ በላይ አልነሳ ብሎኝ የልብስ ማስጫ ገመዴን እደረቴ ድረስ ዝቅ አድርጌ ስላሰርኩት ጎረቤቶቼ የድንክ ቤት ይሉታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሳትዘነጊ መልሺልኝ፦ የምትተነፍሺው በየትኛው ጎን ነው?

መነጽሩንና ቆቡን ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬያለሁ።

አጎትሽ ሸውቂ

*

ዒዝበት ኤል-ቦርግ
ኤፕሪል 12 ቀን 1964

ለተከበሩ አጎቴ ሸውቂ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። መልሱ የዘገየው መነጽሩን ያመጣው ሰው ስለቆየ ነው እንጂ ረስቼዎት አይደለም። መነጽሩ ልክ ሆነልኝ። አባቴ አድርጎት ቤቱን ዞረና "ሸውቂ ኩዌት ሄዶ ጉማሬ የሚሆነው በዚህ ነው" ብሎ አሳቀን።

የጠየቁኝ ነገር ገርሞኛል። የምተነፍሰው በግራ ነው እንጂ በምን ሊሆን ኖሯል? አባቴ በግራዬ ነው ያለው። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጀልባው በግራዬ ነው። እርስዎም የዚህ አገር ልጅ ነዎት፣ "ፊቱን ከጀልባው ያዞረ፣ ጀልባው ፊቱን ያዞርበታል" የሚባለውን ያውቃሉ። እዚህ ያለ ዋናተኛ ሁሉ የሚተነፍሰው ወደ ቀዛፊው ነው። አፌን ለአየር በከፈትኩ ቁጥር አባቴን አያለሁ፤ አባቴም ያየኛል። ሌላ አላውቅም።

ጣቶቼን ማስቀደሙን ይዣለሁ። ገመዱን አለመሻገር ግን ከባድ ነው፤ ግራው ይታዘዛል፣ ቀኙ ይሰርቀኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጎረቤታችን ፈትሒያ ቀኝ ትከሻዋን ከፊት ለፊት እንደ እሾህ ይወጋታል። በተለይ እጇን ከራሷ በላይ ስታነሳ ነው። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አቅቷታል። ኩዌት ጥሩ ቅባት አለ ይባላል፤ ቢልኩላት ሳትዘገይ ትሽረው ነበር። ለእኔ አይደለም።

ልጅዎ ኢንሻራሕ

*

ኩዌት
ኤፕሪል 21 ቀን 1964

ለኢንሻራሕና ለቤተሰቡ ሁሉ፣

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ፣ ለፈትሒያ ደግሞ እውነት የምትናገርበት አፍ ይስጣት።

የትኛዋ ፈትሒያ ናት? ያቺ እግሯን እንኳ አባይ ውስጥ ነክራ የማታውቀው፣ ጀልባ ላይ ስትወጣ ኑዛዜ የምታደርገው? እንኳን ደስ ያላት፤ የዋናተኛ በሽታ ይዟታል። እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።

ቅባት አልክላትም። ቅባት ሕመሙን ያስተኛዋል፤ ሕመሙ ሲተኛ ፈትሒያ ተነስታ ትዋኛለች፣ ትከሻዋም ይፈርሳል። ነገሩ የመጣው ከአተነፋፈሷ ነው። ሁልጊዜ በግራ ብቻ የምትተነፍስ ሰው ፊቷን ባዞረች ቁጥር የሰውነቷ ክብደት በተዘረጋው ቀኝ ክንድ ላይ ይወድቃል። ክንዱ እንዳትሰምጥ ሊደግፋት ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፣ ቀጥሎም ገመዱን ተሻግሮ ወደ ግራ ይገባል። ይህ በአንድ ጠዋት ልምምድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚሆን ራሷ ትቁጠረው። የቦርግ ዋናተኞች ሁላችን አንድ ትከሻችን ብቻ የሚበላሸው ከድህነት አይደለም፣ ከዚያች ተረት ነው። እኔም ወደ ጀልባዬ ብቻ ስመለከት ነው ያረጀሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዱምያጥ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ሐኪሙ ዕረፊ ካላት ትረፍ። ሕመሙ እስኪተዋት እጇን ከራሷ በላይ አታንሳ፤ መዋኘት ከጓጓች ክንዶቿን ከጎኗ አድርጋ በእግሯ ብቻ ትምታ። ስትመለስ በየሦስተኛው ቀዘፋ ትተንፍስ፤ ያኔ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሆናል። መጀመሪያ አባይን ግማሹን ትጠጣዋለች። ትጠጣው፣ አያልቅም።

ኢንሻራሕ፣ እየቀለድኩ ነው፣ ግን አልቀለድኩም። ካይሮ የሚኬደው ትከሻሽ ካለ ነው።

ሸውቂ

*

ዒዝበት ኤል-ቦርግ
ጁን 7 ቀን 1964

ለተከበሩ አጎቴ ሸውቂ፣

አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ። ይህን ያህል ስዘገይ ምን ሆነች ብለው ይሆናል። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የምጽፈው ደስ የሚል ነገር አጣሁ።

ሐጅ ዘከሪያ ደብዳቤዎን ሲያነቡ "ፈትሒያ" ላይ ሲደርሱ ሳቅ ይዟቸው ሻይ አነቃቸው። ሕመሙ የእኔ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ኖሯል፤ የተደበቀ የመሰለኝ እኔን ብቻ ነው። ሐኪሙ እርስዎ ያሉትን አለ፣ ዕረፍት አዘዘ፣ ክንዴን በጎማ ገመድ የማጠናክርበት እንቅስቃሴም አሳየኝ። አደረግኩት። እሾሁ አሁን የለም፤ በቀኝ ጎኔ እተኛለሁ። በቀኝ መተንፈስም እየለመድኩ ነው። ውሃው በአፍንጫዬ ይገባል፣ ግን ቀኝ ክንዴ ቀሎታል፣ ፍጥነቴም ተሻሽሏል።

የከፋው ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ወደ ቀኝ ያዞርኩ ቀን አባቴ መቅዘፉን አቆመ። "ምን ሆንሽ?" አለኝ። "አጎቴ ሸውቂ ያዘዙት ነው" አልኩት። "በዚያ በኩል ማን አለ?" አለኝ። ማንም የለም አባ፣ አየር ነው ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆኗል። አንድ ማታ ሐጅ ዘከሪያ በቀኙ ተቀምጠው ዳቦ ቆርሰው ሲያቀብሉት እንዳላየ ሆኖ መብላቱን ቀጠለ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ በጣም ተቀየሙ። አባቴ እንዲህ ያለ ባለጌ ሰው አልነበረም።

አሁን ደግሞ የውድድሩ ኮሚቴ አዲስ ደንብ አወጣ። ዋናተኞች በምዕራቡ ዳር ይሄዳሉ፣ ጀልባዎች ሁሉ ደግሞ በዋናተኛው ቀኝ ሆነው ከሞተር ጀልባዎቹ ይከልላሉ። አባቴን ስነግረው "እኔ ቦታዬ በግራሽ ነው። በግራ ካልሆነ የለሁበትም" አለ። ለምን ብዬ ብጠይቀው መረብ መጠገን ጀመረ። ሐጅ ዘከሪያ "እንግዲያው ልጄ ሐምዲ ይቅዘፍ ብል ነውር ነው፤ አባቷ ከሌለ አትዋኝም፣ አለቀ" አሉ።

አጎቴ፣ ከእርስዎ ምንም አልፈልግም፣ ቆብም መነጽርም ይቅርብኝ። ለአባቴ ይጻፉለት። እርስዎን ይሰማል።

ኢንሻራሕ

*

ኩዌት
ጁን 15 ቀን 1964

ለወንድሜ ለመስዑድ፣

ሰላምታዬን ለመላው ቤተሰብ ካደረስኩ በኋላ ወደ ጠቡ ልግባ።

አንተ ሰውዬ፣ ምን ነክቶሃል? ኮሚቴው ለልጅህ ትከሻ ብሎ ያወጣው እስኪመስል ድረስ ጥሩ ደንብ አውጥቷል። ጀልባው በቀኟ ሲሆን በቀኝ መተንፈስ ትወዳለች፤ በግራዋ ደግሞ ዳሩን ታያለች፣ መንገድ አትስትም። ቀኝ ክንዷ ያርፋል። አንተ ግን "በግራ ካልሆነ" ብለህ ተገትረሃል። ግራ የአባትህ ርስት ነው? ወይስ ሸምግለህ ዓይንህ ፈዘዘ፣ ልጅህን በሌላ በኩል ብታያት አታውቃትም? የዓሣ ገበያው ሁሉ የሚፈራው መስዑድ በአንዲት ጎን ፈርቶ ቀረ ቢባል እኔ እዚህ አንገቴን እደፋለሁ።

ጀልባህን አዙር። ልጅቷን አታስቀራት።

የአጎትህ ልጅ ሸውቂ

*

ኩዌት
ጁላይ 12 ቀን 1964

ለኢንሻራሕ፣

በምትወጂው ሁሉ አላህ ደስ ያሰኝሽ። ወር ሊሞላ ነው፤ ከእናንተ አንዲት ወረቀት አልመጣም። የፖስታ መዘግየት ነው ብዬ ራሴን አታልላለሁ። መስዑድ በደብዳቤዬ ተቀይሞ ከሆነ እንደ ድሮው መልሶ ይስደበኝ፤ ዝም ማለት ከየት ተማረ? አንቺ ደህና ነሽ? ትከሻሽ? ሁለት ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ሸውቂ

*

ዱምያጥ
ጁላይ 19 ቀን 1964

ለአጎቴ ሸውቂ ብቻ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ከዱምያጥ ፖስታ ቤት ራሴ ነው የምልከው፣ እቤት ማንም አላየውም። መልስ ሲጽፉ በዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል እንዳያነሱ በአላህ ይዤዎታለሁ። ደብዳቤዎን የሚከፍቱት ሐጅ ዘከሪያ ናቸው።

የጁኑን ደብዳቤዎን እራት ላይ አነበቡት። "ወይስ ሸምግለህ ዓይንህ ፈዘዘ" የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁሉም ሳቀ፤ ሐጅ ዘከሪያ ደስ ብሏቸው ደገሙት። አባቴ እጁን ሳይታጠብ ከገበታ ተነሳ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰኝና "ነይ፣ በቀኝሽ እሄዳለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነበርኩ። ጥቂት እንደሄድን መቅዘፊያው ጀርባዬን መታኝ። ቀና ስል የጀልባው ጎን እላዬ ላይ ደርሷል። ጠልቄ በሥሩ አለፍኩ። "አባ!" ብዬ ስጮህ ቆሞ ውሃው ውስጥ ይፈልገኛል፣ ወደ ፊት ያያል፣ ወደ ኋላ ያያል። አጠገቡ ነበርኩ እኮ! እጄን ብዘረጋ ጀልባውን እነካዋለሁ። ራሱን ጨርሶ ወደ እኔ እስኪያዞር ድረስ አላየኝም።

ጎትቶ አወጣኝ። ጀርባዬን እየዳበሰ "ገደልኩሽ፣ ገደልኩሽ" ይላል። አባቴ ሲያለቅስ እናቴ የሞተች ቀን እንኳ አላየሁም። ቀኝ ዓይኑ የለም አጎቴ። "ከሁለት ክረምት በፊት ነው። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ፤ ጭጋጉ ሳይነሳ ቀረ" አለኝ። ለሰው ያልተናገረው ትልቁን ጀልባ ከሐጅ ዘከሪያ ጋር በጋራ ስለያዙት ነው። አለቃው አባቴ ነው። ሐጅ ካወቁ መሪውን ለሐምዲ ይሰጡታል፣ አባቴም መረብ ጠጋኝ ሆኖ ወደብ ላይ ይቀመጣል። ያን ቀን ዳቦውን ሳይቀበል የቀረው በቀኙ ስለነበሩ ነው፤ አላየውም።

ተቀምጦ ሲቀዝፍ ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ጀልባው እንደ ድሮው በግራዬ ሲሆን እኔ በደህናው ዓይኑ በኩል ነኝ። ደንቡ እንደሚለው ከሆነ ግን በጨለማው በኩል እሆናለሁ። "አንቺ ፊትሽን ወደ ሌላ ባዞርሽ ቁጥር፣ አወቀችብኝ፣ መተማመኗን ተወች እያልኩ ነበር" አለኝ። አብሬው አለቀስኩ።

አሁን "በቀኝ በኩል አትሂድ" ብዬ ብነግረው ሐጅ ለምን ይላሉ። "ሂድ" ብዬ ብነግረው እገድላታለሁ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ቆርጫለሁ። ትከሻዬ አገረሸብኝ ብዬ ውድድሩን እተወዋለሁ። ያኔ የሚጠይቀው የለም። አባቴ አያውቅም፣ እርስዎም እንዳይነግሩት።

ይቅር ይበሉኝ፣ ያን ሁሉ አስተምረውኝ።

ኢንሻራሕ

*

ኩዌት
ጁላይ 28 ቀን 1964

ለተከበሩት ሐጅ ዘከሪያ፣ ለወንድሜ ለመስዑድ፣ ለልጄ ለኢንሻራሕ፣

የዓለማት ጌታ ቤታችሁን ከክፉ ይጠብቅ፣ ገበታችሁን አያጉድል። ከእናንተ መልስ ባይመጣም ሐሳብ አላስተኛ ስላለኝ እንደገና ጻፍኩ።

በመጀመሪያ መስዑድን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምላሴ ከመርከብ ቀድማ ባሕር ታቋርጣለች፤ የጁኑን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ የሚያስቆመኝ ሰው አልነበረም። ሐጅ፣ እባክዎ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ቀጥሎ ሐጅ፣ ይህን ለእርስዎ ነው የምጽፈው፣ የመንዘላ ሐይቅን ሰዎች አሠራር ከሁላችንም በላይ ስለሚያውቁ። ረጅም ርቀት ስዋኝ ካጀቡኝ ቀዛፊዎች ሁሉ የተሻለው አንድ የመንዘላ ሰው ነበር። አይቀመጥም። በጀልባው ውስጥ ቆሞ፣ ፊቱን ወደሚሄድበት አድርጎ፣ መቅዘፊያዎቹን በደረቱ እየገፋ ነበር የሚቀዝፈው። ተቀምጦ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ዋናተኛው ያለፈበትን ውሃ ያያል። የቆመው ግን ዋናተኛውንም፣ ሞገዱንም፣ የሚመጣውን ሞተር ጀልባም ከላይ ሆኖ ያያል። ከሁሉ በላይ የዋናተኛው እጅ የት እንደሚገባ ያያል። ለኢንሻራሕ ትከሻ የሚያስፈልጋት ይህ ነው። ሲደክማት ቀኝ እጇ ገመዱን መሻገሩ አይቀርም፣ እሷም አይታወቃትም። ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋታል፤ በተሻገረ ቁጥር "ወደ ቤትሽ!" ብሎ የሚጮህ።

መስዑድ ወጣት ሳለ ሁለት ዓመት መንዘላ ላይ ቆሞ ጀልባ ነድቷል፤ እኔና እርስዎ ቆመን ስንስቅበት አልነበር? እንግዲህ አሁን ይቁም። ኮሚቴው ባለው በቀኟ ይሁን፣ ፊቱን ግን ወደ ባሕሩ ያዙር። ያኔ ልጁ በግራ እጁ በኩል ትሆናለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ካሁኑ ይለማመዱት፤ ዳር ላይ፣ በቀስታ፣ መቅዘፊያው ራሷ ጋ እስከማይደርስበት ርቀው።

ኢንሻራሕ፣ ፈትሒያን ሰላም በይልኝ። ዘንድሮ ደግማ እንዳትታመም ንገሪያት። የታመመ ትከሻ ደህና ነው ማለቷን ይቅር ብያታለሁ፤ ደህናውን ታመመ ብትል ግን አልምራትም።

ሸውቂ

*

ዒዝበት ኤል-ቦርግ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1964

ለምወድዎ አጎቴ ሸውቂ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛን ደስ እንዳሰኙን አላህ እርስዎን ደስ ያሰኝዎ።

አራተኛ ወጣሁ። ካይሮ ዘንድሮ አልሄድም። ሦስተኛዋን ልይዛት ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ መድረሻው ላይ ቆሜ ስታለቅስ አየኋት፣ እኔም አለቀስኩ፣ እሷ ከደስታ እኔ ከንዴት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይንጠለጠል ነው።

ዓርብ ጠዋት ዱምያጥ ድልድይ ሥር ስንሰለፍ አባቴ ነጭ ሱሪውን ለብሶ ጀልባው ውስጥ ቆመ። የሌሎቹ ቀዛፊዎች ተቀምጠዋል። አንዱ "ሼኽ፣ ስብከት አለ እንዴ?" አለው። "አለ፣ እስከ ራስ ኤል-በር የሚዘልቅ" አለ አባቴ። ከዚያ ሄድን። ሦስት እቀዝፋለሁ፣ በቀኝ እተነፍሳለሁ፤ አባቴ ቆሟል። ሦስት እቀዝፋለሁ፣ በግራ እተነፍሳለሁ፤ ሸንበቆና የሰው ራስ። ፊቴን ከሱ ሳዞር እንደ ድሮው አልፈራሁም።

ከግማሽ መንገድ በኋላ የባሕሩ ነፋስ ተነሳ። ውሃው ተነካከሰ፣ ክንዴም መዛል ጀመረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሰማሁት ድምፅ አንድ ብቻ ነው። "ወደ ቤትሽ! ቀኝ፣ ወደ ቤትሽ!" ድምፁ እስኪሰለል ጮኸ። በጮኸ ቁጥር እጄን እመልሳለሁ። አንድ ሞተር ጀልባ ደንቡን ጥሶ ሲመጣ ከማንም በፊት ያየው አባቴ ነው፤ ጀልባውን መሐል አስገብቶ በመቅዘፊያው እያስፈራራ አሳለፈው። ሐጅ ዘከሪያ ዳሩን እየተከተሉ በአህያ ጋሪ ሲሄዱ "ኧረ ይህን የመንዘላ ሰው እዩልኝ!" እያሉ ይጮሁ ነበር።

እሾሁ አልተመለሰም። በማግስቱ የጠበቅኩት እሱን ነበር። ጠዋት የአባቴን ሱሪ አጥቤ ሰገነት ላይ፣ ከራሴ በላይ ባለው ገመድ፣ በቀኝ እጄ አሰጣሁት። ከርሞ ኢንሻአላህ ሦስተኛዋን እቀድማታለሁ።

አሁን የምነግርዎ ትናንት ማታ የሆነውን ነው። እራት ላይ አባቴ ሐጅ ዘከሪያን "የሸውቂን የጁን ደብዳቤ እንደገና አንብብልኝ" አላቸው። ሐጅ ገረማቸው፣ ግን አወጡና አነበቡ። "ወይስ ሸምግለህ ዓይንህ ፈዘዘ" የሚለው ጋ ሲደርሱ አባቴ እጁን አንስቶ "ቆይ። ለዚህች መልስ አልሰጠሁም ነበር። ግማሹ እውነት ነው" አለ። ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና "እንዲህ ስሆን አንተንም፣ ልጄንም፣ መብራቱንም አላይም። ሁለት ክረምት አለፈው" አላቸው።

እኔ ዳቦውን ይዤ ቀረሁ። ሐጅ ዘከሪያ ደብዳቤዎን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ተነሱ። ወጥተው ሊሄዱ ነው ብዬ ፈራሁ። ገበታውን ዞረው በአባቴ ግራ ተቀመጡና ዳቦ ቆርሰው ዘረጉለት። አባቴ ተቀበላቸው። ቆይተው ሐምዲን "ከነገ ጀምሮ ጀልባው ላይ በመስዑድ ቀኝ ትቆማለህ። እሱ ያዛል፤ አንተ ለእሱ ያልታየውን ትነግረዋለህ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ብትናገር ትከሻህን እሰብረዋለሁ" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሰው ከአንድ ገበታ እየበላ እንዲህ ይዋሻል?" ብለው ተቆጡ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት እኔው ራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይህን ሰርዢው ያለኝ የለም። አባቴ ብቻ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር እንድጨምር አዞኛል፦

"ለሸውቂ ንገሪው። የስድቡን ጆንያ አልረሳሁትም፣ ይዞ ይምጣ። ሲያወርደው ግን በግራዬ በኩል ይሁን።"

ልጅዎ ኢንሻራሕ